«ይሄ አስገዳጅ አይደለም» ከማለታችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ገና ሥራ የጀመረ የሕግ ሰው አንድ ወረቀት ሲሰጡት የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ይሄ ሕግ ነው ወይስ አይደለም?» እኔም በእናንተ ዕድሜ እንደዚያው ነበርኩ። መልሱ «ነው» ከሆነ ቁጭ ብዬ አነባለሁ። «አይደለም» ከሆነ ወረቀቱ መሳቢያ ይገባል። ይሄ ልማዴ ምን እንዳስከፈለኝ ላጫውታችሁና ወደ ጉዳዩ እንገባለን።

ሥራ በጀመርኩ በአምስተኛው ዓመት ገደማ ነው። ደንበኛዬ ማሽን የሚተክል ድርጅት ነበረው። አንድ የሙያ መመሪያ አለ፤ ከማሽኑ ርክክብ በፊት በተከላው እጁ የሌለበት ሌላ ባለሙያ ይየው ይላል። ምርመራው ጊዜ ይወስዳል፣ ገንዘብም ይጠይቃል። ደንበኛዬ «ግዴታ አለብኝ?» አለኝ። መመሪያውን ገለጥኩት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በፈቃደኝነት የሚሠራበት ሰነድ እንደሆነ በግልጽ ተጽፏል። «የለብህም፤ አስገዳጅ አይደለም» አልኩት። ትንሽ ኩራትም ነበረበት።

የማሽኑ ርክክብ ተፈጸመ፣ ማሽኑ ብዙም ሳይቆይ ተበላሸ፣ ክስ መጣ። የተከራካሪያችን ጠበቃ በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። የውሉን ሦስተኛ አባሪ ገልጠው አንዲት መስመር አነበቡ፤ «ሥራው በሙያው ተቀባይነት ባላቸው መመሪያዎች መሠረት ይከናወናል።» አነበቡና ተቀመጡ። እኔ አባሪውን አላነበብኩትም ነበር።

መመሪያው አልዋሸም። ብቻውን ማንንም አያስገድድም። ያስገደደው ውሉ ነው። እኔ የጠየቅኩት «ይሄ ወረቀት ሕግ ነው ወይ?» ብዬ ነው። «ይሄን ወረቀት ማን ጠርቶታል?» ብዬ አልጠየቅኩም። የምጽፍላችሁ ስለዚህች ሁለተኛዋ ጥያቄ ነው። ግን የመጀመሪያዋንም ደህና አድርገን እንያት። የምትመስለውን ያህል ቀላል አይደለችም። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ሕግን ሕግ የሚያደርገው ምንድን ነው? ብዙ ሰው አፉ ላይ የሚመጣለት መልስ ጉልበት ነው። እንግሊዛዊው ጆን ኦስቲን በ1832 የጻፈው ይህንኑ የሚመስል ነው። ሕግ የበላይ አካል ትእዛዝ ነው፤ ካላከበርክ ቅጣት ይከተልሃል። ከመቶ ሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1961፣ ሃርት የተባለው ሌላ እንግሊዛዊ ይህን ሐሳብ በአንድ ቀማኛ ፈተነው። መሣሪያ ደግኖ «ገንዘብህን አምጣ» የሚልህ ሰው ትእዛዝም አለው፣ ቅጣትም አለው። ገንዘቡን ትሰጠዋለህ። ማታ ቤትህ ገብተህ ስታወራ ግን «የመስጠት ግዴታ ነበረብኝ» አትልም። «ተገድጄ ሰጠሁ» ነው የምትለው። አማርኛችን ሁለቱንም ከአንድ ሥር ስለሚያወጣቸው ልዩነቱ ቶሎ አይታየንም። «ተገደድኩ» ስለ ፍርሃት ይናገራል። «ግዴታ አለብኝ» ስለ ደንብ ይናገራል። ሥራችን ያለው ሁለተኛው ውስጥ ነው።

ታዲያ ቀማኛውን ከግብር ሰብሳቢው የሚለየው ምንድን ነው? ከግብር ሰብሳቢው ጀርባ ክር አለ። ክሩን ይዘህ ወደ ላይ ትወጣለህ። ሰብሳቢው የክፍያ ማስታወቂያውን ያወጣው፣ ደንብ ሥልጣን ስለሰጠው ነው። ደንቡ ያን ሥልጣን ያገኘው ከአዋጅ ነው። አዋጁን ያወጣው ምክር ቤት በሕገ መንግሥት የተቋቋመ ነው። ክሩ አንድ ቦታ ላይ ከተበጠሰ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ አየር ላይ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ሕግ ይጸናል ወይ ስትባሉ በመጀመሪያ ይዘቱ ጥሩ ይሁን መጥፎ አትመልከቱ። ከየት ሥልጣን አገኘ፣ በትክክለኛው ሥርዓት ወጣ ወይ፣ ለሕዝብ ታወቀ ወይ ብላችሁ ጀምሩ።

ክሩ ላይኛው ጫፍ ሲደርስስ? ሕገ መንግሥቱን ማን አጸናው? የኦስትሪያን የ1920 ሕገ መንግሥት በማርቀቅ ትልቅ ድርሻ የነበረው ሃንስ ኬልሰን፣ ላይኛው ጫፍ ላይ «ሕገ መንግሥቱ ይከበር» የሚል አንድ መሠረታዊ ደንብ እንዳለ አድርገን እናስባለን አለ። የተጻፈ አይደለም፤ ታሳቢ ነው። ሃርት ደግሞ እንዲህ ያለ ግምት አያስፈልገንም ባይ ነው። ጫፉ ላይ ያለው የዳኞችና የባለሥልጣናት የዕለት ተዕለት ተግባር ነው። ሁሉም ሕግን ሕግ ካልሆነው የሚለዩበት የጋራ መለኪያ አላቸው፤ እየሠሩበት ስለሆነም አለ። እኔን ብትጠይቁኝ ከሃርት ጋር ነኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ችሎት ውስጥ ስመላለስ ያየሁት የሱን ነው።

አሁን አንድ ጉዳይ ቀረብ ብለን እንይ። በ1976 ካናዳ፣ ማኒቶባ ውስጥ፣ አንድ ሰው የመኪና ማቆሚያ ቅጣት ወረቀት ተሰጠው። ቅጣቱ 5 ዶላር ነው። ወረቀቱ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። ሰውየው ግን ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ነው። ማኒቶባ የተቋቋመችበት የ1870 ሕግ ደግሞ የክልሉ ሕጎች በሁለቱም ቋንቋ ይታተሙ ይላል። በ1890 የክልሉ ምክር ቤት «ከእንግዲህ እንግሊዝኛ ብቻ ይበቃል» የሚል ሕግ አውጥቶ ነበር። ይህ ልክ እንዳልሆነ በ1892ም፣ በ1909ም የታችኛው ፍርድ ቤት ተናግሯል። ሰሚ አላገኘም። የ5 ዶላሩ ባለጉዳይ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ገፋበት፤ በ1979 ረታ።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የ1890ው ሕግ ዋጋ ከሌለው፣ ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝኛ ብቻ የወጡት ሕጎችስ? በ1985 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መልሱን ሰጠ። በሁለቱም ቋንቋ መውጣት ሲገባቸው በእንግሊዝኛ ብቻ የወጡት በሙሉ ዋጋ የላቸውም። እስቲ አስቡት። የዘጠና አምስት ዓመት ሕግ! በነዚያ ሕጎች የተቋቋሙ ድርጅቶች፣ የተሰጡ ፈቃዶች፣ የተፈረደባቸው ሰዎች አሉ። ምክር ቤቱ ራሱ የተመረጠው በዚያው ዓይነት ሕግ ነው። ዳኞቹ ቁልቁል ሲያዩ ገደል ነው ያዩት። ስለዚህ አንድ ነገር ጨመሩ። ሕጎቹ የማይጸኑ ቢሆኑም፣ ተተርጉመው እንደገና እስኪወጡ ድረስ ለጊዜው እንደሚጸኑ ሆነው ይቆያሉ አሉ። ምክንያታቸውም የሕግ የበላይነት አገርን ያለ ሕግ መተው አይፈቅድም የሚል ነው።

ይህን ፍርድ ለወጣት ባልደረቦቼ ሳወራ ሁልጊዜ ሁለት ዓይነት ፊት አያለሁ። አንዱ «በቋንቋ ምክንያት ብቻ?» ብሎ ይስቃል። ሌላው ዝም ብሎ ያስባል። እኔ የምቀጥረው ሁለተኛውን ነው። ፎርማሊቲ የምንለው ነገር ትርፍ ጌጥ አይደለም። ሕጉን ከባለሥልጣኑ ፍላጎት የሚለየው እሱ ነው። ማሳተምም እንደዚያው። የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ካሊጉላ አዲስ ግብር ጥሎ ሕጉን ሳያሳውቅ ቆየ ይባላል። ሕዝቡ ሲያጉረመርም ለጠፈው። ግን በጣም ደቃቃ ፊደል ጽፎ፣ ማንም ሊገለብጠው በማይችል ጠባብ ቦታ ነው የለጠፈው። ሁለት ሺህ ዓመት ሊሆነው ነው፣ ዘዴው ግን አላረጀም። ሰው ሊያገኘው በማይችልበት ቦታ የተቀመጠ ደንብ ስታዩ አስታውሱት።

«በሥርዓቱ የወጣ፣ ግን ፍጹም ግፍ የሆነ ሕግስ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ይህ ጥያቄ በአንዲት ደብዳቤ አያልቅም። ጉስታቭ ራድብሩህ የተባለው ጀርመናዊ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1946፣ አንድ መስመር አሰመረ። በመደበኛው ጊዜ የወጣው ሕግ መጥፎም ቢሆን ይከበር፤ ግፉ ሊታገሡት ከማይቻል ደረጃ ሲደርስ ግን ለፍትሕ ቦታውን ይልቀቅ ይላል። የጀርመን ፍርድ ቤቶች በ1990ዎቹ፣ የበርሊንን ግንብ ሊሻገሩ በሞከሩ ሰዎች ላይ በተኮሱ የምሥራቅ ጀርመን ወታደሮች ጉዳይ ይህን መስመር ተጠቅመውበታል። እኔ መስመሩን እቀበለዋለሁ። ማስጠንቀቂያዬ ግን ደንበኛችሁ ያልወደደው ሕግ ሁሉ «የማይታገሡት ግፍ» እንዳይመስላችሁ ነው። ዳኛው ፊት ይህን ክርክር ማንሳት ያለባችሁ በዕድሜያችሁ አንዴ ነው፣ እሱም ከመጣ።

አሁን ወደ መሳቢያው እንመለስ።

አስገዳጅ ያልሆኑ ደንቦች ለስላሳ ሕግ ይባላሉ። መጠሪያው ራሱ ያሳስታል፤ ለስላሳ ሲባል የማይጎዳ ይመስላል። «መመሪያ» የሚለው ቃላችን ደግሞ የባሰ ነው። አንዳንዴ ሥልጣን ያለው አካል ያወጣው የሚያስር ደንብ ማለት ነው። አንዳንዴ እንዲሁ የአሠራር ምክር ማለት ነው። ሽፋኑ ላይ ያለው ስም አይነግራችሁም። ክሩን ይዛችሁ መውጣት አለባችሁ።

የእንግሊዝን የመንገድ ትራፊክ መጽሐፍ ውሰዱ። ከ1931 ጀምሮ ያለ ነው። በውስጡ አንዳንዱ ደንብ «አለብህ» ይላል፤ ከጀርባው ሕግ ስላለ ነው። ሌላው «ይገባል» ይላል፤ እሱ ምክር ነው። ምክሩን ብትጥስ በዚያ ብቻ ወንጀለኛ አትባልም። የአገሩ የትራፊክ ሕግ ግን አንድ ነገር ያክላል፤ ይህን አለማክበርህ በፍርድ ቤት ጥፋተኝነትህን ለማሳየት ሊጠቀስብህ ይችላል። የሌላው ወገን አለማክበር ለአንተም ሊጠቅም ይችላል። ስለዚህ ምክሩ ምክር ሆኖ ቀጥሏል፤ አደጋ ከደረሰ በኋላ ግን ጥሩ ሹፌር ማን እንደሆነ የሚለካው በሱ ነው። ሐኪሙም፣ መሐንዲሱም፣ ሒሳብ አዋቂውም እንዲሁ ነው። «ቸልተኛ ነበርክ ወይ?» ሲባል ዳኛው የሙያ ምክሩን ያስመጣል። ያልተከተልክበትን ምክንያት ማስረዳት የአንተ ፈንታ ይሆናል።

ከሁሉም የምወደው የሰርዲኑ ክርክር ነው። ኮዴክስ የሚባል የምግብ ደረጃ አውጪ ኮሚሽን አለ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት በ1963 ያቆሙት ነው። ደረጃዎቹ በፈቃደኝነት የሚወሰዱ ናቸው። ከነሱ አንዱ ስለ ቆርቆሮ ሰርዲን ነው። አንደኛው የዓሣ ዝርያ ብቻውን «ሰርዲን» ይባል፣ ሌሎቹ ደግሞ የአገራቸው ወይም የባሕራቸው ስም ተጨምሮላቸው «የእንትን ሰርዲን» ይባሉ ይላል። የአውሮፓ ማኅበረሰብ በ1989 የራሱን ደንብ አወጣ። በዚያ ደንብ ሰርዲን ተብሎ መሸጥ የሚችለው በአውሮፓ ዳርቻ የሚገኘው አንዱ ዝርያ ብቻ ነው። ፔሩ ደግሞ ዘመድ የሆነ ሌላ ዓሣ ከፓስፊክ ታወጣለች። «የፔሩ ሰርዲን» ብላ መሸጥ ፈለገች፤ ተከለከለች።

ኮዴክስ ማንንም አያስገድድም። አውሮፓውያኑም ይህን ያውቁ ነበር። ግን በ1995 የዓለም ንግድ ድርጅት ሲቋቋም ከስምምነቶቹ አንዱ ስለ ቴክኒክ ደንቦች ነበር። አባል አገር እንዲህ ያለ ደንብ ሲኖረው፣ አግባብ ያለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ካለ ያንኑ መሠረት ያድርግ ይላል፤ ደረጃው ለታሰበው ዓላማ የማይሠራ ካልሆነ በቀር። በቃ፣ የኔ ሦስተኛ አባሪ! ፔሩ በዚህ በር ገባች። በ2002 ረታች። ከዚያ በኋላ አውሮፓውያኑ ደንባቸውን አሻሻሉ። በፈቃደኝነት የተጻፈ ወረቀት፣ ሌላ አስገዳጅ ወረቀት ስለጠራው፣ ያን ሁሉ ሃብታም አገር አንድ ላይ አስጎነበሰ።

ማንም ሳይጠራቸው የሚሠሩም አሉ። የባዜል የባንክ ኮሚቴን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ የባንክ ተቆጣጣሪዎች ዓለም አቀፍ ስብስብ ነው። ውሳኔው ሕጋዊ ኃይል እንደሌለው ራሱ ይናገራል። ሆኖም በ1988 ባንኮች ከአደጋ አንጻር ከተመዘነው ንብረታቸው ቢያንስ 8 በመቶ ካፒታል ይያዙ ሲል፣ የኮሚቴው አባል ያልሆኑ ብዙ አገሮች ሳይቀሩ በሕጋቸው ጻፉት። ማን አስገደዳቸው? ማንም። ባንካቸው ውጭ አገር ሄዶ ብድር ሲጠይቅ የሚገጥመውን ፊት ስላወቁ ነው።

የ1975ቱ የሄልሲንኪ ሰነድ ደግሞ ሌላ ነው። በቀዝቃዛው ጦርነት ጊዜ ስለ አውሮፓ ጸጥታና ትብብር 35 አገሮች ፈረሙት። የውል ማዕረግ እንዳይኖረው ብለው በተባበሩት መንግሥታት ዘንድ እንደማይመዘገብ እዚያው ሰነዱ ላይ ጻፉ። ሶቭየቶች የፈለጉት ድንበሮች እንዳይነኩ የሚለውን ክፍል ነበር። የሰብዓዊ መብቱን ክፍል እንደ ማጣፈጫ ነው የቆጠሩት። በዓመቱ ሞስኮ ውስጥ ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው «የፈረማችሁትን እየተከታተልን ነው» አሉ። ብዙዎቹ ታሰሩ። ሰነዱን ግን መልሶ መሳቢያ ውስጥ መክተት አልተቻለም።

የ1948ቱ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫም በ48 ድምፅ፣ ያለ ተቃውሞ፣ በ8 ድምፀ ተአቅቦ ሲጸድቅ፣ ያረቀቀውን ኮሚሽን የመሩት ኤሊኖር ሩዝቬልት ራሳቸው ውል እንዳልሆነ፣ የሕግ ግዴታ እንደማይጥል ተናግረው ነበር። መግለጫውን ወደ አስገዳጅ ውል የለወጡት ሁለቱ የሰብዓዊ መብት ቃል ኪዳኖች ሥራ ላይ የዋሉት በ1976 ነው። ሃያ ስምንት ዓመት። ለስላሳው ወረቀት ያን ሁሉ ዘመን ቁጭ ብሎ አልጠበቀም፤ በየአገሩ ሕገ መንግሥት ውስጥ እየገባ ነበር።

ይህን ስል ለስላሳ ወረቀት ሁሉ ውሎ አድሮ ሕግ ይሆናል ማለቴ አይደለም። ብዙው ከተጻፈበት ስብሰባ አይወጣም። በዓለም አቀፍ ሕግ ልማድ ሕግ የሚሆነው አገሮች ደጋግመው ሲያደርጉትና «ሕግ ስለሆነ ነው የምናደርገው» ብለው ሲያምኑ ነው። ዕድሜ ብቻ አይበቃም። አንድ ያረጀ የስብሰባ ውሳኔ ይዛችሁ ዳኛው ፊት «ይህ አሁን ሕግ ሆኗል» ብትሉ መሳቂያ ትሆናላችሁ። እኔ ሆኜ አይቻለሁ።

የምጠላው ግን ተቃራኒውን ነው። አንድ መሥሪያ ቤት «ይህ ምክር ብቻ ነው» ብሎ ወረቀት ያወጣል። ምክር ስለሆነ ረቂቁን ለውይይት አያቀርብም፣ በጋዜጣ አያወጣም። ከዚያ ምክሩን ያልተከተለ ሰው ፈቃዱ አይታደስለትም። ይህ በምክር ስም የወጣ ሕግ ነው። እንዲህ ሲገጥማችሁ ስሙን ትታችሁ ውጤቱን አሳዩ። በርከት ባሉ አገሮች ዳኞች የሚመለከቱት ውጤቱን ነው። ሌላም መንገድ አለ። መሥሪያ ቤቱ ራሱ «እንዲህ ነው የምሠራው» ብሎ ካሳወቀና ሰውም ያንን አምኖ ከተንቀሳቀሰ፣ ለአንድ ሰው ሲሆን ብቻ ያለ ምክንያት «አስገዳጅ አይደለም» ማለት አይችልም የሚል ክርክር አለ። ጥሩ ክርክር ነው፤ ተማሩት።

ስለ ንባብ አንድ ነገር ልጨምር። ግሦቹን ተመልከቱ። «አለበት»፣ «ይገባል»፣ «ይመከራል»፣ «ይችላል» አንድ አይደሉም። አስቸጋሪው ተራው ግስ ነው። «ሪፖርት ያቀርባል» የሚል ዓረፍተ ነገር አዋጅ ውስጥ ሲሆን ግዴታ ነው። ዕቅድ ውስጥ ሲሆን ተስፋ ነው። ቃሉ አንድ፣ ክብደቱ ሌላ። ሰነድም ከመጨረሻው ጀምራችሁ አንብቡ። ሥልጣን የሰጠው አንቀጽ፣ የተሻሩ ሕጎች፣ የሚጸናበት ቀን፣ አባሪዎች። አርቃቂዎች ደክሟቸው የሚጽፉት እዚያ ነው፤ ተደራዳሪዎችም ወደ ቤታቸው ለመሄድ ሲቸኩሉ የሚፈርሙት እዚያ ነው።

የኔ ጉዳይ እንዴት አለቀ? ተረታን። ደንበኛዬ ከፈለ፤ ከዚያ በኋላ ለሠላምታም አልፈለገኝም። አልፈርድበትም። ከችሎት ስንወጣ ደረጃው ላይ እኚያ ሽማግሌ ጠበቃ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ሦስተኛውን አባሪ አንብበኸው ነበር?» አሉኝ።

መዋሸት አልቻልኩም። «አላነበብኩትም፣ ጋሼ።»

ቦርሳቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ አዛወሩና ፈገግ አሉ። «እኔም ያነበብኩት ትናንት ማታ ነው» አሉኝና ደረጃውን ቀስ ብለው ወረዱ።